ጆሮና ቀንድ

ከመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ከስምንተኛው ደርብ፣
መኪና አወርዳለሁ በድራመን ወደብ።
መንገዴ አጭር ነው፣ ሦስት መቶ ሜትር፣
ከብረቱ ምላስ ላይ እስከ ኖራው መስመር፤
ቀበቶ፣ መሪ፣ ፍሬን፣ ቀስ ብሎ ቁልቁለት፣
አቁሞ መመለስ ሌላዋን ለማምጣት።
አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ፣ ስንቷን ነድቻለሁ፤
ብስክሌቴን ግን በር ላይ አስሬ እገባለሁ።

ያኔ አንድ ስም ነበር። ሶልቫ። ሌላ የለም።
መርከቡ ሲከፈት ነጭ በነጭ ነው ሁሉም፤
የሞተር ጩኸት የለ፣ የጭስ ሽታ የለ፣
ጎማው ከብረቱ ጋር ሲያንሾካሹክ ዋለ።
ሻጩ ቶርቢዮርን፣ አንገት ልብሱን ጥሎ፣
በበረዶው ሰልፍ መሀል ወዲያ ወዲህ ብሎ፣
የወረፋ ቁጥር ሲያድል እንደ ጠበል፣
«ስምንት ወር ብቻ ነው» ይል ነበር ሲያባብል።
«ዋጋው ዝቅ ይል ይሆን?» ብሎ የጠየቀ
መልስ አላገኘም፤ ሻጩ ከት ብሎ ሳቀ።

ጉድቬግ የሚሏት አዋላጅ፣ ጡረተኛ፣
የሟች ባሏን ጀልባ ሸጣ፣ ልበ ቁርጠኛ፣
ቁልፍ ተቀበለች፤ አሥራ ሰባተኛ።
ከመሪው አጠገብ ጆሮዋን አስጠግታ፣
«ዝም ብሎ የሚወለድ ያሰጋል» አለች፣ ለጨዋታ።

ከዚያ በአንድ የካቲት ሌላ መርከብ መጣ፣
ከሩቅ ምሥራቅ፤ ስሙን ስንጠራ ምላሳችን ተቆጣ።
አንዱ ጣሪያው መስታወት፣ አንዱ ወንበሩ አልጋ፣
ሁሉም ከሶልቫ ያነሰ፣ በሩብ ያህል፣ ዋጋ።
በሦስተኛው ወር ሌላ፣ በአምስተኛው ሁለት፤
የኖራው መስመር ጠበበ፣ ተቀባ በአዲስ ስፋት።
ቶርቢዮርን መስኮቱ ላይ ለጠፈ፣ ላጠ፣ ለጠፈ፤
በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ቁጥሩ ተቀረፈ።
ትናንት የገዛ ሰው ደጁ ላይ ቆመ፣
«የእኔስ ልዩነት?» እያለ አጉረመረመ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሙግት፣ ዳቦ በእጅ ይዞ።
ዝቢግኒየቭ «አለቀላት» ይላል ጣቱን መዞ፤
«ቀድሞ መንቃት ደግ ነው፣ ግን ማን ከፍሎ ለንጋት?»
ሲግሩን ትመልሳለች፦ «ስም አይነካውም ዝገት።»
እኔም ጣልቃ ገባሁ፤ ያገሬን አባባል
በኖርዌይኛ ሰብሬ ጣልኩት ከመሀል፦
«ጆሮ ቀድሞ በቅሎ፣ ቀንድ ኋላ መጣ፤
ኋላ የመጣው ቀንድ ጆሮን በልጦት ወጣ።»
ዝቢግኒየቭ አጨበጨበ። ሲግሩን ግን ጠርጥራ፣
የሰሜን ልጅ ናትና፣ ያደገች አጋዘን ቆጥራ፣
«ያ ቀንድ» አለች «የማነው? የእኛው አጋዘን እንደሁ፣
በየዓመቱ ይጥለዋል፤ በረዶ ላይ አይቻለሁ።
ጆሮው ግን እዚያው ነው።»
ሳቅን። ፊሽካው ተነፋ።
የነገሩ መቋጫ በጫጫታው ጠፋ።

ጥር ነው፣ ሌሊት ነው፣ ብርዱ አጥንት ይልጣል፤
ከፈረቃ ስወጣ ብስክሌቴ ያንሸራትታል።
ከድልድዩ ሥር ያለው የሶልቫ መሙያ፣
ለራሷ ዘር ብቻ የተከለችው ማደሪያ፤
አምና ገንዘብ ሲያጥራት ለሁሉ ከፈተች፣
ባዳውን በየተራ ቆማ አጠባች።
ያ ቀይ፣ ያ አረንጓዴ ገመዱን ጎርሶ፣
ሰማያዊው መብራት በረዶው ላይ ፈሶ፣
አራተኛ ተራ ላይ አንዲት ነጭ ቆማለች፤
አሥራ ሰባተኛዋ! ጉድቬግ ውስጥ አለች።
ባትሪው እንደ ጉልበቷ በግማሽ ደክሟል፣
ማሞቂያው ተዘግቶ ጭኗን ብርድ ልብስ ሸፍኗል።
«ቀድመሽ የወጣሽው ለምን ከኋላ ቆምሽ?» አልኳት።
መስኮቱን ዝቅ አደረገች፤ ጥያቄው አላስቀየማት።
«ዘጠኝ መቶ አዋልጃለሁ» አለች «በእነዚህ እጆች፤
ዛሬ በሩጫ የምቀድመው? አንድም የለ ከነዚያ ልጆች።»

መልካም። ግን ማሰቤ አልቀረም በመንገድ፦
አዋላጅ ጡረታ አላት፣ ቀኑ መሽቶ ሲሄድ፤
ፋብሪካ ግን በምን ይጦራል?
ቀድሞ በመውጣቱ ማን ደመወዝ ይቆርጥለታል?

ነገ ማለዳ መርከብ አለ። የጭነቱን ዝርዝር
አላየሁትም፤ የማን ስም እንደሚበዛ በቁጥር።
ሶልቫም ትኖር ይሆናል፣ አዲስ ጥርስ አብቅላ፣
ወይም አንድ ጥግ ላይ፣ ሰባት ስምንት ሆና፣ ከሌሎች ተነጥላ።
እኔ ያገኘኋትን በሩን ከፍቼ እገባለሁ፤
ቀበቶ፣ መሪ፣ ፍሬን። ዝም ይላል። አደምጣለሁ።
ከብረቱ ምላስ ላይ እስከ ኖራው መስመር
የያዝኳት ትመራለች፣
ሦስት መቶ ሜትር።