አሚን

ሩዋይስ፤ ሌሊት፤ ሐምሌ፤ ከባሕሩ ዳር፤
ብረቱ ያልበዋል እንደ ሰው ግንባር።
አርባ ሦስት ደረጃ ወጥቼ፣ ደክሜ፣
ጠርሙስ እሞላለሁ ከቧንቧው ሥር ቆሜ።

ስሙ አሚን ይባላል። ሲያዩት ውሃ ነው፤
ሲያሸቱት ግን ዓሣ፣ ፀሐይ የመታው።
ጋዙ ከምድር ሆድ ጎምዝዞ ሲወጣ፣
የገማ እንቁላል ሽታ፣ የሞት ሽታ ሲያመጣ፣
አሚን ከላይ ወርዶ ይገጥመዋል በብርድ፤
መርዙን ከጉያው ውስጥ ይነጥቃል በግድ።
ጋዙ ጣፍጦ ያልፋል ወደየመርከቡ፤
አሚን ግን ይቀራል መርዝ ይዞ በልቡ።
"ጠገበ" ይባላል እንግዲህ ያን ለታ፤
መርዝ መጠጣት ሁሉ ጥጋብ ከተባለ
እኔም ጦሜን አላደርኩም ማታ።

ከዚያ ይቀቅሉታል። ሲፈላ፣ ሲንተከተክ፣
የያዘውን ይለቃል፤ ይነጻል፤ ይሆናል ልክ።
ተርቦ ይመለሳል ወደዚያው ወደ ላይ፤
ጁምዓ የለው፣ ዒድ የለው፤ ሲዞር ነው የሚታይ።

የኔ ውል ሁለት ዓመት ነው። ይህ አራተኛው ዙር።

ሲያረጅ ይጠቁራል፤ ገለባ የነበረው
ዛሬ ሻይ መሰለኝ በመብራት ሳየው።
ኩርየን ይመዘግባል፤ "ይጣራ" ይላል፤ ያልፋል።
ሰውስ በምን ከሰል፣ በየት በኩል ይጣራል?

እኅቴ ዘሐራ ሻርጃ ናት፣ ጸጉር ቤት።
ባለፈው የቀለም ቱቦ ፎቶ አንስታ ላከች፤
"ይመር፣ እጄ ገማ፣ ይህ ምንድን ነው?" አለች።
አጎላሁት በጣቴ። ከጀርባው፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣
ያው የኔ አሚን ቆሟል ከስሞቹ ሰልፍ።
የጸጉሩን ቅርፊት ቀስ አርጎ ይከፍታል፤
ሽበት የሚሸሽግ ቀለም ያስገባል።
እሷም በጓንት ውስጥ፣ እኔም በጓንት ውስጥ፤
ሁለት የኮምቦልቻ እጅ በአንድ ሽታ ሲዋጥ።
"በሎሚ ታጠቢው፤ አሚን ጎምዛዛ ሲያይ
ይታረቃል፣ ይተኛል" አልኳት።
ሳቀች። "እንዲህ ያለ ባል አይገኝም ወይ!"

ስልክ ክልክል ነው እዚህ፤ ብልጭታ ይፈራል።
ከበሩ መልስ የሰማሁት የእማ ድምፅ ግን
ጆሮዬ ውስጥ ይዞራል፦
"አላህ ሁለታችሁን መርዝ ካለበት ያውጣችሁ፤
የጠጣችሁትን ሳታውቁት ያስተፋችሁ።"

"አሚን" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።
ሬዲዮው ጣቴ ሥር ነበር።
ኩርየን ከታች፣ ከመቆጣጠሪያው ክፍል፣
"አሚን ምን ሆነ? የቱ ነው?
የጠገበው ወይስ የራበው?"

ባሕሩን አየሁ። ሊነጋ ነው።
መርከቡ ቆሟል፣ ጣፋጩን ሊወስደው።
"ሁለቱም" አልኩት።
"ደህና ናቸው ሁለቱም?"
ጠርሙሱን ከደንኩ። ገና ሞቃት ነው።
ላብራቶሪ ሲወርድ እንጂ
ከዚህ አላውቅም።