ምትኩ

ነሐሴ ላይ ቀሃ ሞልቶ ወንድሜን ወሰደ፤
ዓመቱ ሳይደፍን ሌላ ልጅ፣ እኔ፣ ተወለደ።
ሰጠኝ ነበር ስሙ። ሰጠኝ ያለችው ሲነሣት
እናቴ አንጓች ለእኔ የሚሆን ስም ጠፋት።
"ምትኩ" አለ አባቴ፣ በርኖሱን እያራገፈ፤
በእኔ ስም ላይ የሌላ ልጅ በዚያው ተጻፈ።

የእሱን ኩታ አጥበው እኔን አለበሱኝ፣
በእሱ አንቀልባ አዝለው፣ በእሱ ማንኪያ አጎረሱኝ።
በሦስት ዓመቴ፣ ከወንዙ አለት ጣቴን ዘርግቼ
"በዚህ ነው የሄድኩት" አልኩ፣ አሉ።
እኔ አላስታውስም። የማውቀው ከእነሱ ሰምቼ።

ጥምቀት ለት፣ ፋሲል ባሕር፣ ሕዝቡ እየዘለለ ሲገባ
በእናቴ መቀነት ተጠመጠምኩ በእንባ።
"ውኃውን ያውቀዋል" አለች።
"ዳግም ልደት ጥምቀት ብቻ ነው!" አሉ ቄስ ኤልሳዕ፣ ቆጣ ብለው፤
መስቀሉን ግን ግንባሬ ላይ አቆዩት፣ ከሌላው ልጅ አስበልጠው።

ደብረ ብርሃን ጣራ ሥር አንጋጣ፣ ከመላእክቱ ሰልፍ፣
አካል ከሌላቸው፣ ያላቸው ፊት ብቻና ክንፍ፣
አንዱን መርጣ "ሰጠኝ ነው" ትላለች፤ ደግሞ ትዞርና
አገጬን ይዛ ታመሳክረኛለች፣ እንደ ብራና።

ፊደል ስቆጥር ገባኝ።
"ከ" ከጎኗ ትንሽ እጅ ብታወጣ "ኩ" ትሆናለች፤
ያቺ እጅ የወንድሜ ናት፣ የስሜን ጫፍ ይዛለች፣
ከደራሽ ውኃ መሐል
እንደ ወጣች እጅ።

ኋላ በአታ ገባሁ፣ ትርጓሜ ልማር፣
ከየኔታ ላእከ ማርያም፣ ከጥዱ ዳር።
ዕውር ሆኖ ከተወለደው ሰው ታሪክ ስንደርስ
"የኔታ" አልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ድረስ፣
"ኃጢአቱ የራሱ ነው ወይ ያሉት፣ መቼ በድሎ?
ሳይወለድ? በየትኛው ሥጋው?"
የየኔታ ጭራ ባለበት ቀረ፣ አየር ላይ ተሰቅሎ።

"አንድም" አሉ፣ "በእስክንድርያ አንድ ሊቅ ነበረ፤
ነፍስ ከሥጋ ቀድማ ኖረች ብሎ አስተማረ።
አንድም፣ ከሞተ በኋላ ተጠርቶ ተወገዘ።
ነፍስ የቆሎ ተማሪ አይደለች፣ አኩፋዳዋን ይዛ
በየሥጋው ደጅ የምትቆም፣ አገር ላገር ተጉዛ።
ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ልቤ ግን ቆሞ ቀረ።
በዚችው ጎንደር፣ በዚሁ አደባባይ፣ አባቶች፣
በጌታ ልደት ላይ፣ ሁለት ባይና ሦስት ባዮች፣
ተሟግተው፣ ተወጋግዘው፣ ደም ነክቶት ነበር ድንጋዩን።
የእኔን ማን ይቆጥርልኝ? አንድ ነው ሁለት፣ ልደቴን?

ሰባት ዓመት አለፈ። በዐቢይ ጾም፣ አንድ ማታ፣
ያንኑ ምንባብ በቃሌ ስወጣው በእርጋታ፣
"አንድም" ብዬ ሳል ያዘኝ።
የኔታ ቀና አሉ።
ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጣቶቻቸው አየር ይዳስሳሉ።
"ማነው? የኔታ ወልደ ሩፋኤል? መቼ መጡ?"
(መምህራቸው ናቸው፣ ዐርባ ዓመት ሆኗቸው አፈር ከገቡ።)

"እኔ ነኝ፣ የኔታ። ምትኩ።"

ዝም አሉ። ከጥዱ አንዲት ወፍ ተነሣች።
ጭራቸውን ፈለጉ፤ ከጉልበታቸው ሥር ወድቃለች።
"አዎ" አሉኝ በስተመጨረሻ፣ ድምፃቸው እየሳሳ፣
"አዎ፣ ምትኩ።
ቀጥል። እንዳትረሳ።"