በሰዓት ሠላሳ

ደብረ ብርሃን። ኅዳር። ከሌሊቱ ስምንት።
በመስኮቱ አመዳይ፣ በእጆቼ ጓንት።
አልጋ ቁጥር አሥራ አንድ፣ የሞላሌው አባት፣
ከበግ ፀጉር ጋራ ያረጁ፣ ሲሠሩ ዝተት፣
ፊታቸው ተነፍቶ፣ እግራቸው አብጦ፣
በልጃቸው ትከሻ፣ ትንፋሽ ተቆራርጦ
ማታ ነው የገቡት።

«ምን ያምዎታል?» ስል፣ «ብርድ ነው» አሉኝ፤
ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ወገቤን ያዘኝ»።
ሽንት የምትል ቃል በሴት ልጅ ፊት ወጥታ
ከአፋቸው አታውቅም፤ ኖራለች ተዘግታ፣
እንደ ውሃው ራሱ።

ከእምብርታቸው በታች በመዳፌ ስነካ
ጠጣር፣ ክብ ነገር፤ ፊኛ ነው ለካ፣
ሦስት ቀን ከጠብታ በቀር ምንም ያልወጣው፣
ጎረቤት ያልሰማው፣ ሚስትም ያላወቀው።

ሲስተር አልጋነሽ መጡ፣ ዓይናቸው እንቅልፍ የለ፤
መጠየቅ ይወዳሉ፣ ሰዓቱ ምንም ቢሆን፣ ተማሪ ካለ።
«ኩላሊት ምን ይሠራል?»
«ጡጫ የሚያህሉ፣ ከወገብ ግራ ቀኝ፣» አልኩ፣
«እልፍ አእላፍ ወንፊት ናቸው፣ ጨዉን እየለኩ
ደሙን የሚያጣሩ፣ ግፊቱን የሚያዩ፣
ዩሪያን፣ ክሪያቲኒንን ከደም የሚለዩ፣
መቅኔን ደም ሥራ ብለው...»
«ይበቃል። ወንፊቱ ደህና ሆኖ፣ ቦዩ ከታች ቢደፈንስ?»
ዝም። ያ ያለው ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው፤ ገና አልደረስኩም እኔስ።

ከአልጋው ድምፅ መጣ፣ ያንቀላፉ መስለውን፦
«ይመለሳላ! ውሃ ምን መሄጃ አለው? ይበላል ማሳውን።»

ሲስተር ዞር ብለው አዩኝ። «ጻፊው» አሉ።

ፕሮስቴት የሚሉት እጢ፣ ከፊኛ አንገት በታች፣
ሲያብጥ ሲያብጥ ኖሮ፣ ቧንቧዋ ተዘጋች።
የጤነኛ ሰው ክሪያቲኒን ከአንድ ብዙ ፈቅ አይልም፤
የእሳቸው ዘጠኝ ነው። ፖታሲየሙም አያምርም፣
ልብ ያቆማል ይላሉ። የኢሲጂውን ክሮች
ደረታቸው ላይ ለጠፍን፤ ለክር አዲስ አይደሉም።

መጋረጃ ተሳበ። ጋቢ ፊታቸው ላይ።
ሲስተር ካቴተሩን ይዘው፣ እኔ ባትሪ ይዤ፣ ዓይኔ ወደ ሰማይ።
መጀመሪያ ጭል አለ፣ ቀጥሎ ፈሰሰ፣
ከረጢቱ እጄ ላይ ከበደ፣ ዘጠኝ መቶ ደረሰ።
በዚያ ውርጭ ሌሊት
ክፍሉ ውስጥ ትኩስ ነገር እሱ ብቻ ነበረ።

ዲፕስቲኩን ነክሬ፣ ከጠርሙሱ ቀለማት ጋር
አስተያየሁ፤ ስኳር የለም፣ ፕሮቲን ጥቂት፣ ደም በመጠኑ።
«እኛም ክር ስንመርጥ እንዲሁ ነን» አሉ፣ ከጋቢው ሥር ሆነው።

ፈተና ላይ ነበር፤ «ዐዋቂ ሰው በሰዓት ቢያንስ ስንት ይሸናል?»
«ሠላሳ ሚሊ ሊትር»፤ ከብቤ አለፍኩ፣ ማን ያስታውሰዋል?
ከአንድ መለኪያ አረቄ እንኳ ያነሰች ናት፤
ሰው በእሷ ተንጠልጥሎ እንደሚያድር ማን ነግሮኝ ያን ዕለት?

ዘጠኝ ሰዓት፦ ሁለት መቶ አርባ። ዐሥር ሰዓት፦ ሦስት መቶ።
የተገደበ ውሃ ልክ አያውቅም ተፈትቶ፤
እንዳይደርቁ ደግሞ በደም ሥር መተካት ያሻል፣
መክፈቱ ግማሽ ነው፣ መጠበቁ ይብሳል።

አቶ እንግዳወርቅ ጋቢውን ገለጥ አድርገው፦
«ልብና ኩላሊት የሚመረምር አንድ ጌታ ብቻ ነው
ሲሉኝ ነው ያደግሁት፤ አንቺ ደግሞ በዚች ላስቲክ ገባሽ?»
«እኔ ቆጣሪ ነኝ አባባ።»
ሣቁ፤ ሲስቁ ቱቦው ተንቀጠቀጠ።

ደም ወስጃለሁ። የጧቱ ውጤት ገና ነው፤
ከወንፊቱ ስንቱ እንደ ተረፈ፣ ስንቱ እንደ ተቀደደ
እኔም፣ ሲስተርም አናውቅም።
ወደ ጣርማ በር የሚወጡት መኪኖች መስኮቱን ያርዱታል።
እንቅልፍ ጣለኝ መሰል፣ እስክሪብቶዬ በእጄ፤
ከአልጋ ቁጥር አሥራ አንድ፣ ጮክ ብለው፦ «ልጄ!
ሽንቴ ስንት ደረሰ?»

ክፍሉ በሙሉ ሰማ።
ሁለት መቶ ሰባ፣ ብዬ ጻፍኩ።