መወርወሪያ

ዱባዬ አበበ ሦስት ወር ሙሉ፣
ቢጫ መለከቶች አጥሩን ሞሉ፤
ፍሬ ግን የለም።
ጠዋት ይከፈታል፣ ቀትር ላይ ይጨማደዳል፣
ማታ እንደ እርጥብ ጨርቅ መሬት ይወርዳል።

ውሃ ያነሰው መስሎኝ በጀሪካን አመላለስኩ፣
ፍግ ያነሰው መስሎኝ ከበግ ተራ አምጥቼ ነሰነስኩ።

ሉባባ በአጥሩ ሽንቁር አጮልቃ አየችኝ፣
«ምነው ዱባህ መከነ?» ብላ ጠየቀችኝ፣
አፌን ሳልከፍት ደግሞ ራሷ መለሰችልኝ፦
«ወንዱ አበባ እዚህ ነው፣ ሴቷ ከወዲያ፣
አገናኝ ከሌለ ምን ሊበጅ ነው ታዲያ?
ንብ ሰምተሃል ዘንድሮ? እኔስ አልሰማሁ።»

ጆሮዬን ጣልሁ።
ሐረጎን የሚወርድ የጭነት መኪና
ፍሬኑ ያቃስታል፤ ከዚያ ዝምታ። ኮምቦልቻ፣ ቀትር፣ ደመና።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሽመና ክፍል ቆሜ፣
የማሽኑ ጩኸት ዛሬም ያቃጭላል በሕልሜ፤
አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ድሩ ተወጥሮ፣
ማጉ ተጠቅልሎ፣ ሁሉም ተሰናድቶ አምሮ፣
መወርወሪያው ከሌለ ያው ክር ነው፣ ክር።
ጓሮዬም እንደዚያው፤ ሥራ የፈታ ድር።

ቅዳሜ ወጣሁ፣ ንብ የሚጠራ አበባ ልገዛ።
ችግኝ ሻጩ ጽጌረዳ አሳየኝ፦ «ለሠርግ ይኼ ነው የሚበዛ።»
አየሁት፤ ድርብርብ፣ ጥቅጥቅ፣
በሩን ዘግቶ የተኛ ቤት፣ ልቡ ከደጁ የሚርቅ፤
ንብ ብትመጣ በየት ትግባ?
ዋጋውስ? ግማሽ ጡረታዬ ለአንድ አበባ።

ትቼው ወደ ዘይት መጭመቂያው ታጠፍኩ፣
ተራውን ከሚጠብቅ ኑግ አንድ እፍኝ ዘገንኩ፣
ልጁ «ለምንህ ነው?» አለኝ፤ «ለእንግዳ» አልኩ።
ከቅመም ተራ ድምብላል፣ ያልታመሰ ያልተወቀጠ፣
ከመንገድ ዳር ቆሎ ሻጭ ጥሬ ሱፍ፣ ከምጣድ ያመለጠ፤
በሶብላውን ሉባባ ሰጠችኝ፣ በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ፣
«ዘርተህ እርሳው» አለች፣ «አይፈልግም አደራ።»

ለሙሽራ አይበረከቱም፣ ለፎቶ አይመረጡም፣
አንድ ክረምት ኖረው ይሄዳሉ፣ ዕድሜ ጨምሩልን ብለው አይቆጡም።

በሰኔ ማብቂያ ዘራኋቸው፣ መስመር አላበጀሁም፣
ዕድሜዬን ሙሉ መስመር ጠብቄያለሁ፤ ዘንድሮ አልጠበቅሁም።
ግማሹን ጎርፍ ወሰደው፣ ግማሹን የሉባባ ዶሮ፤
ከሁለት ግማሽ የተረፈው ግን፣ ሒሳብ ያላወቀው፣ ሞላው ጓሮ።

መጀመሪያ ድምብላሉ አበበ፣ ነጭ ፍርፋሪ መስሎ፣
ዝንቦች መጡ፣ ንብ አስመሳይ፣ ወገባቸው በቢጫ ተስሎ፤
በሶብላው ሲፈካ ጣዝማ መጣች ከመሬት፣
መነጽሬን ፈለግሁ እሷን ለማየት፤
ሱፉ ፊቱን ሲገልጥ፣ እንጨት የምትበሳዋ ጥቁር
እንደ አሮጌ አይሱዙ እያጉረመረመች ጀመረች መዞር።
መስከረም ላይ ኑጉ ቢጫ ሆነ፣
ያኔ ንቦቹ መጡ፣ ከማን ቀፎ እንደሆነ
እኔም አልጠየቅሁ።

አንዷን በዓይኔ ተከተልሁ።
ከኑግ ወደ በሶብላ፣ ከዚያ ወደ ድምብላል፣
ከኋላዋ ክር የምትጎትት ይመስላል፤
ወዲያ ተወረወረች፣ ወዲህ ተመለሰች፣
የወንዱን ዱባ ቢጫ ዱቄት ለሴቷ አደረሰች።
ጆሮዬ ውስጥ ያ ፋብሪካ ተነሳ፣
ግን ለስለስ ብሎ፣ ቁጣውን የረሳ።

ዛሬ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ኑጉ ደርቋል፣ ሱፉ አቀርቅሯል።
ከአጥሩ ሥር አንድ ዱባ፣ ጡጫ የሚያህል፣ ፍሬ ቋጥሯል።
አንድ ብቻ። ሉባባን ጠርቼ አሳየኋት በሽንቁሩ፤
«ግማሹ የኔ ነው» አለች፣ «በሶብላው የኔ፣ የኔ ነው ምክሩ።»
እሺ አልኳት።

የደረቀውን ኑግ በመዳፌ አሸሁት፣
ጥቁር ዘሩን ለከርሞ በደሞዝ ፖስታ ከተትሁት፤
ላዩ ላይ ስሜ አለ፣ ቁጥሬ፣ የድሮው ሥራ፤
ከሥሩ ጨመርኩበት፦ «ሰኔ ላይ፣ ያለ መስመር የሚዘራ።»