ቤቷ ደረጃ የለውም

የክትባቱ ክፍል፣ መርሳ ጤና ጣቢያ፣
አሥራ አንድ ሆነን ለሥልጠና ገባን፣ በነሐሴ መግቢያ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደልቀው ከላይ፣
አሠልጣኟ ቆማ፣ ባዶ ወንበር ላይ
እጇን አሳርፋ፣
«ማን ሐኪም ይሁን?» አለች፣ ወረቀቷን አጥፋ።

እኔ ነኝ አልኩ። ማን ይቀድመኛል?
ዘጠኝ ዓመት ሰፋሁ፤ «የእንድሪስ መርፌ ጠባሳ አይተውም» ሁሉም ይለኛል።
ታማሚ ልትሆን ወንበሩን የያዘች እታለም፣
አዋላጇ እታለም፤
ሳቋ ካርድ ክፍል ይሰማል፤ እንደሷ ተጫዋች የለም።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።
«ከደረጃ ወደቅሁ።»
ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ይቺን መልስ እናውቃታለን፣
በሳምንት ሁለቴ ካርድ ላይ እንጽፋታለን፤
ጭቃ ቤት በሞላው፣ ምድር በምድር አገር፣
ደረጃውን ያየ የለም፣ ከመውደቁ በቀር።

«አብሽሪ» አልኩ እንደ ልማዴ። «ደሞ ምን አድርገሽው ነው?»

አሠልጣኟ ያልኩትን ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤
አላረመችኝም፤ ከሥሩ አሰመረች።
«ይህ ጥያቄ» አለች፣ «የማን ነው? የዳኛ?
የባልየው ነው ወይስ የኛ?»
አብሽሪም፣ ያቺ ደግ ቃላችን፣
አፍ መዝጊያ ትሆናለች አለችን።
ስንቷን መለስኩ፣ ቁስሏን አጥቤ፣
«ላበጋር ንገሪ፣ ቤትሽን አትበትኚ» ብዬ መክሬ፣ ተራዬን አስቤ።

እንደገና ጀመርን።
በሩን ዘጋሁ። ወንበሬን ሳብኩና
ከዓይኗ እኩል ሆንኩ፣ እጄን ሰበሰብኩና።
«የምትነግሪኝ እዚህ ይቀራል» አልኩ፤ አፌ ላይ ከበደኝ።
«ያንቺ ጥፋት አይደለም»፤ ይቺ ደግሞ አነቀችኝ።
ስለ ሰባ ሁለት ሰዓት ተምረናል ጠዋት፣
መድኃኒት ሳይረፍድ፣ ኀፍረት ሳያስቀራት።
ይህን ግን፣ ሰው ፊት ዝም ብሎ መቀመጥን፣
ማን አስተማረን?

እታለም ሳቋን ተወች።
የጋወኗን እጅጌ ቀስ አድርጋ ሰበሰበች።
ክንዷ ላይ፣ ከክርኗ በላይ፣
ቀጭን መስመር አለ፤ የእጄን ሥራ አላውቅም ወይ?

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በጥምቀት ሳምንት፣ ሌሊት፣
ስድስት ጥልፍ፤ ጥሩ ስፌት።
ከደረጃ ወደቅሁ አለችኝ፤
ክሩን እየቆረጥኩ «ደረጃሽን አስጠግኚ» አልኳት፤
ሳቀችልኝ።

ቤቷን አውቀዋለሁ፤
ሰርጓን በልቻለሁ፣
በእስላሙ ዳስ ተቀምጬ።
ደጁ ከመንገዱ እኩል ነው።

አሠልጣኟ ሰዓቷን አላየችም፤
ጨዋታው አለቀ አላለችም።
ዘጠኙ ተነሡ፣ አንድም ሰው ሳያዛቸው፤
ወደ ዝናቡ ወጡ፣ ጋወን እንደለበሱ፣ እሷም ተከትላቸው።
በሩን ማን እንደዘጋው አላየሁም።

«ከየት ልጀምር?» አለች።
«ከፈለግሽበት» አልኳት።
ካርድ አላወጣሁም።
እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ፤
ጭኔ ላይ አኖርኳቸው።