አፈር ስሆን

የሞጣው ፍርድ ቤት በሩ የቆርቆሮ፣
ሞላው ኃይለኛ ነው፤
የለቀቁት እንደሁ ይማታል ዞሮ።
አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ሊጥላት ሲል አይቼ
በትከሻዬ ያዝሁት፣ የተሸከምሁትን ፋይል መሬት ላይ ትቼ፤
ከዚያ ወዲህ ቀረሁ።
የተቀጠርሁት ለፋይል፣ የምውለው ለበር፤
በር የያዘ ሰው ግን ብዙ ያያል ነገር።

ሲያዝለት ጊዜ የሚሮጥ አለ፣
ገና ከግቢው ጫፍ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለ፤
ማን አሳደደው?
ቀና የማይል አለ፣
እኔን ከመቃኑ ሳይለይ እንደ እንጨት ያለፈኝ
(ዳኛውም አንዳንዴ እንዲህ ናቸው፤ ልተወው፣ ይለፈኝ)።
አንዷ ደግሞ ነበረች፣ ለፍቺ የመጣች፤
ስትወጣ በሩን ከእጄ ነጥቃ ያዘች፣
"እስቲ አንተም እለፍበት!" ብላ ተቆጣች።
አለፍሁ። ምን ላድርግ።

እንደ አያ ስንሻውና እንደ አያ አንለይ ያለ ግን አላየሁም።
ባንድ ትልም ድንበር፣ ባንድ ስንዝር አፈር፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ይመላለሱ ነበር።
ገበያ ቢገናኙ መንገድ ይቀይራሉ፤
ሠርግ ቢጠሩ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣሉ።
በሩ ጋ ሲደርሱ ግን፣ ኮፍያቸውን አውልቀው
ይቆማሉ ሁለቱም፣ አንዱ ለአንዱ መንገድ ለቀው።

"ይግቡ።"
"ኧረ እርስዎ ይግቡ።"
"በሞቴ!"
"ከሳሽ ይቅደም እንጂ፣ ደንቡ መች ይጠፋል?"
"ታላቅን ቀድሞማ በየት በር ይታለፋል?"
"አፈር ስሆን!"
"የለም፣ እኔ አፈር ልሁን!"

አፈር።
እዚያ ማሳው ዳር በስንዝር ሲነፋፈጉ፣
እዚህ ሙሉ ገላቸውን አፈር ሲያደርጉ!
ለአንድ ትልም ብለው ያልተለቃቀቁ
በኔ በር ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እየለቀቁ።
በጠብም በልመናም ከ"እርስዎ" ወርደው አያውቁም።

ሰልፉ ይረዝማል፤ የሚስቅ አለ፣ የሚያጉረመርም፤
ጠበቃው ሰዓቱን ያያል፤ ክንዴ ይዝላል፤
ውስጥ መዝገብ ይጠራል፣ አንዳቸው አይሰማም።
አንዴማ በዚሁ ሰበብ ቀጠሮው አለፋቸው፣
"ግራ ቀኙ አልቀረቡም" ተብሎ ተጻፈባቸው።
ደጃፉ ላይ ቆመው! እኔ ምስክር ነበርሁ፣
ማንም ስላልጠየቀኝ ዝም አልሁ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ አያ አንለይ ተለዩ።
እናታቸው ስሙን ሲያወጡ
ምን አስበው ይሆን፣ እንጃ።
መዝገብ ግን አይሞትም፤ ወራሽ ይገባል፤
ልጃቸው ከባሕር ዳር መጣ፣ ስልኩን በጆሮው ይዟል።
አያ ስንሻው በሩ ላይ ነበሩ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣
ፊት ለፊት ሰው እንዳለ ሁሉ አንድ ጎን ለቀው።
ልጁ በመሐል አለፈ።
ክፉ ልጅ አይደለም፤ "እንደምን ዋሉ" ብሏል፤
ብቻ በር መሆኑን አላወቀም።
እኔም እሳቸውን ሳይ ክንዴ ላላ፣ እጄ ከዳኝ፤
በሩ ዞሮ ትከሻቸውን መታ።
ጥፋቱ የኔ ነው።

አልተቆጡም። የተመታውንም አላሹም።
"ቀደምኸኝ!" አሉ። ለልጁ መስሎኝ ነበር፣
ዓይናቸው ግን ማዶ ነው፣ ወዲያ፣ ከደብሩ አጥር።
"ሰባት ዓመት ሙሉ ግባ ስልህ እምቢ፣ አሻፈረኝ ብለህ፣
አሁን በማን በር ነው እንዲህ ሳትለምነኝ ዘው ያልህ?"
"አንተ" ሲሉ የሰማሁ ያን ለት ነው።

ስማቸው ከውስጥ ተጠራ፤ አንዴ፣ ሁለቴ።
ኮፍያቸውን ደፉ።
"ዝጋው፣ ልጄ" አሉኝና ቁልቁል በባሕር ዛፉ
መንገድ ሄዱ።
በሩን ይሁን መዝገቡን፣ አልጠየቅሁም።
መዝጊያውን እንደያዝሁ
ጀርባቸውን ሳይ፣ ነፋሱ ሲገባ ሲወጣ ቆየሁ፤
ከኋላዬ ሰልፉ "ኧረ እንግባ!" እስኪል።