ጠብቆ የሚነበብ

ይህን ጥይት መሥራት ፋብሪካው የተወው
አባቴ ሳይወለድ፣ ገና ድሮ ነው።
ሽጉጡ ግን ልጅ ነው፣ ከልጄም ያንሳል፤
ጣልያን አገር ሠርተው አሲድ ቢቀቡት ሽማግሌ መስሏል።
"የትኛው ጦርነት አብሮህ ዘመተ?" ብሎ ድዌይን ይስቃል።
ይሳቅ።

ምድር ቤት እወርዳለሁ ሳህኔን አጥቤ፣
አምፖሉን በገመድ ስቤ፤
ውጭ የዳኮታ ንፋስ ገለባ ይነዳል፣ እንደ ከብት፣ ከኋላ።
ረዥም ቀለህ ይዤ ቁመቱን በመጋዝ አሳጥራለሁ፣
የታላቁን ሱሪ ለታናሹ እንደምትቆርጥ እናት ደጋግሜ እለካለሁ።
አፉን እሞርዳለሁ። ፀጉር ታህል ካለፈ
ደግሜ እሞርዳለሁ፤ ማን ይቆጣኛል፣ ሌሊቱስ ካለፈ?
ካፕሱሏን ከቂጡ ተጭኜ ሰክቼ፣
ባሩዱን በማንኪያ ልኩን አስገብቼ፤
ጥቁር ባሩድ ነው፣ ሲነድ እንደ ገማ እንቁላል የሚሸት፣
አርዲስ በረንዳ ላይ ልብሴን አስወልቃ ነበር የምታስገባኝ ቤት።

ከዚያ እርሳሱ።

እርሳሱ ከጋዜጣው ነው። ፊደል ለቃሚ ነበርኩ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የከተማውን ወሬ በትኩስ እርሳስ ቀረጽኩ።
ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ
በባልዲ ከፈለኝ ባለቤቱ የመጨረሻ ወሬን ዋጋ።
ባልዲው ውስጥ ከተማው አለ፣ ከነሠርጉ፣ ከነኪሳራ፤
ፊደሉ ሁሉ ግልብጥ ነው፤ ዓይኔ ግን በግልብጥ ነው የተገራ።
የፊየልስታድ ጎተራ ተቃጠለ።
ቡናማ ውሻ ጠፍቷል፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ፣ ላገኘው ሰው…
መስመሩ እዚህ ያበቃል። የቀረው ቃል ሌላ እርሳስ ላይ ነበር፤
እሱም አምና ቀልጧል።

አንብቤ ነው የምጥለው ከድስቱ።
ትናንት ግን ስልክ ጮኸ፣ አንዱን ሳላየው ጣልኩት፤
ስመለስ ግማሹ ሰምጧል፣ ግማሹን አነበብኩት፦
"…እና ወይዘሪት አርዲስ ክቫሜ፣ የዚሁ ከተማ…"
ማንኪያዬን ሰደድኩ። ስትደርስ፣ የለችማ።

የገዛ ሠርጌን ወሬ የለቀምኩት እኔው ነበርኩ፤
ሙሽራ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ከአባቷ ስም መሀል አንድ ፊደል ገደፍኩ።
ኤም ሁለት ነበረች፣ መንታ፤ አንዷን ብቻ መታሁ፣
ጠብቆ የሚነበብ ስም፣ በአደባባይ፣ አላላሁ።
አማቴ አኮረፈ። እሷ አርባ ዓመት ሳቀች፣
"ሳያገባኝ ስሜን ያጠፋ ሰው!" እያለች።
ይኸው ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ አጠፋሁት።

ከዚያ ድስት ሃያ ሁለት አረር ወጣ፤ የትኛው ውስጥ እንዳለች እንጃ።
ሰም ቀባኋቸው፤ ሰሙ ይኸው፣ ወርቁን አትጠይቁኝ።
ባሩዱ ላይ አስቀምጬ የቀለሁን አንገት ቆነጠጥኩ፤
ቢያንስ እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም። አጠበቅሁ።

መሳቢያ ውስጥ ላኖራቸው ነበር፣ በጨርቅ።
ግን አውቃታለሁ፦ "ሄልመር፣ ጥይት ነው ወይስ የጆሮ ጌጥ?"

ቅዳሜ ከድዌይን ጋር ጠጠር ማውጫው ጉድጓድ ወረድን።
ሽጉጡ ስድስት ጎጆ አለው፣ አምስት ብቻ ነው የሚጎርሰው፤
መዶሻው የሚያርፍበት ባዶ ይሁን ይላል ደንቡ።
ለምጄዋለሁ። ቤትም ወንበሩ ሁለት ነው።
ሃያ ሁለቱንም ተኮስኩ፤ አንድ በአንድ፣ በአውራ ጣቴ እየሳብኩ፤
ጢሱ ነጭ፣ ከባድ፣ ገመድ ላይ እንደ ተሰጣ አንሶላ፣
"መታህ?" አለ ድዌይን። ማን አይቶ!

ዛሬ እሑድ ነው። ውርጭ። አካፋና ወንፊት ይዤ መጣሁ፤
ከአፈሩ ውስጥ፣ እንጉዳይ የመሰለ፣ አሥራ ዘጠኝ አወጣሁ።
ድዌይን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መኪናውን አቆመ፣
"በዚህ ብርድ ምን ትቆፍራለህ? እርሳስ ከሆነ እኔ ቤት ሞልቷል" አለኝ።

"አንድ ፊደል ጎድሎኝ ነው" አልኩት።

መስኮቱን ዘጋ። ወንፊቱን ነቀነቅሁ።